የጦና ጆሮ

ሶዶ ውስጥ መኪናው የጮኸበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መካኒክ አልነበረም፤ ጦናን ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የከተማው መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ጦና መንገድ ዳር ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ዳሞታ ተራራ አዙሮ፣ ከኋላው የሚያልፈውን መኪና ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ «የቀኝ የኋላ እግሯ ብሎኑ ላልቷል» ይል ነበር። ባለመኪናው ወርዶ ሲነካው እውነትም ላልቶ ያገኘዋል። ሰዉ ይስቃል። ጦና ግን አይስቅም፤ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ይጠጋና መኪናዋን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል።

ያን ጆሮ የሰጡት ትሬንታ ኳትሮዎች ናቸው። ከጣልያን የተረፉትን እነዚያን ግዙፍ የጭነት መኪናዎች ከሻሸመኔ ሶዶ፣ ከሶዶ ሻሸመኔ አሥራ አራት ዓመት ነድቷቸዋል። ሞተራቸው የሚያጓራው ሹፌሩ ጉልበት ሥር ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዲት የላላች ብሎን ለይቶ መስማት ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ቀስ እያሉ ጆሮውን መልሰው የወሰዱበትም እነሱ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ማንም አላወቀም። ሚስቱ ሰገነት እንኳ አላወቀችም።

ሰገነት የቦዲቲ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ታናሽ እህቷ ብርሃኔ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና፣ እናታቸው ገበያ ስትውል ልጅቷ ያደገችው በሰገነት ጀርባ ላይ ነው። ጦና ሰገነትን ሲያገባ ብርሃኔም ለትምህርት ብላ አብራ ሶዶ መጣች። ስምንት ዓመት ከእነሱ ጋር ከአንድ ገበታ በላች። እግዚአብሔር ለሁለቱ የራሳቸውን ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ብርሃኔ እህት ትባል እንጂ ልጃቸው ነበረች። ጦና ከጉዞ ሲመለስ የሸንኮራ አገዳ የሚያመጣው ለሷ ነው። የቤት ሥራዋን ስትሠራ ፋኖሱን ወደ እሷ የሚያስጠጋው እሱ ነው። አስተማሪ ሆና ስትመረቅ ካባቷ ይልቅ የጦና ስም በብዙ ሰው አፍ ተጠራ።

ጭነት መንዳቱን ከተወ በኋላ ጦና የወልደሰንበትን መኪና ያዘ። ወልደሰንበት ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ላይ ጨርቃ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። መኪናዋ አረንጓዴ፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ፣ ከላይ ሸራ የለበሰች፣ ዕቃም ሰውም የምትጭን ነበረች። ሱቁ ግቢ ስለሌለው የምታድረው ጦና ቤት፣ እንሰቱ ሥር ነው።

በ1957 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወልደሰንበት ከመኪናዋ ወርዶ በሩን በኃይል ዘጋው።

«ይቺ መኪና ትጮሃለች» አለ።

«ትንሽ ነው፣ ጋሼ» አለ ጦና።

«ትንሽ? ከአረካ እስከዚህ ጥርሴን አሳከከችኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ‹አሮጌ ጋሪ ነው እንዴ የገዛኸው?› አለኝ። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ትነዳለህ።»

ጦና መሬት መሬት አየ። በረንዳው ላይ ቆማ የነበረችው ሰገነት ገረማት። ጦና የመኪና ጩኸት ሰምቶ ሳይጠግነው ያደረበት ጊዜ አልነበረም።

«ስማ» አለ ወልደሰንበት፤ ድምፁ ትንሽ በርዶ። «ሻሸመኔ ጩማ የሚባል ሹፌር አለ። ከመንዳት ሌላ መጠገንም ያውቃል ይሉኛል። ሰኞ ስመጣ ዝም ካላለች እሱን ነው የማስመጣው። አንተማ ምን ቸገረህ፣ ያ ጆሮ አለልህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጦና ሥራውን የጀመረው መኪናዋን በማራቆት ነው። ክሪኩን፣ አካፋውን፣ ሰንሰለቱን፣ ጀሪካኑን አወረደ። መኪና ጮኸ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የጫነችው ዕቃ ነው ይል ነበር። ከዚያ የበሮቹን ማጠፊያና የሸራውን ብረቶች አንድ በአንድ እየነቀነቀ አየ። ሰገነት ዶሮዎቹን ቆጥ ውስጥ ዘጋቻቸው። ድሮም መኪና ሲያዳምጥ እንዲህ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

«ውጪና አወዛውዢያት» አላት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ከመኪናዋ ፊት ባለው ብረት ላይ ወጣች። በጉልበቷ ስትጫን መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ስትለቃት ከፍ ትላለች። በቀኝ በኩል ዝም። ወደ ግራ ተሻግራ ስትጫን፣ ሲጢጥ።

ጦና ከሥር በጀርባው ተኝቶ አንድ መዳፉን ባሌስትራው ላይ፣ መኪናዋን በሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች ላይ፣ አሳርፏል።

«ድገሚው።»

ሲጢጥ።

«ጠንከር አድርገሽ እስቲ።»

ሲጢጥ አለች መኪናዋ፣ ሲጢጥ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው አረጋሽ እንሰት መፋቋን አቁማ «ሰገነት፣ አዲስ አልጋ ገዛችሁ እንዴ?» አለች።

ሰገነት ሳቀች። ጦናም ይስቅ እንደሆነ ብላ ወደ ታች አየች። ጦና አልሳቀም። አረጋሽን አልሰማትም። ዓይኑም ባሌስትራው ላይ አልነበረም፤ በጎማውና በብረቱ መካከል ባለው ክፍተት አሻቅቦ የሰገነትን ፊት ነበር የሚያየው። ገና ፊደል ያልለየ ልጅ የአስተማሪውን አፍ እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚጮህ ከፊቷ ሊያነብ ነበር የሚጠብቀው።

ሰገነት ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር አንድ ላይ መጣባት። ጦና ጸሎት ቤት መዝሙር ይመራ ነበር፤ ከዓመት ወዲህ ግን «ጉሮሮዬን ያመኛል» ብሎ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ጀምሯል። ሰዉ ሲዘምር የሰዉን ከንፈር እያየ ዘግይቶ ይገባል። በር ሲንኳኳ የሚነሳው ውሻው ሲነሳ አይቶ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ «ዛሬስ ዝናቡ ቀለል ብሏል» ያላትን አስታወሰች። ቀለል አላለም ነበር።

«ምነው ቆምሽ?» አላት ከሥር።

«ደክሞኝ ነው።»

«እኔ እንጃ፣ የግራው ይመስለኛል። አንቺስ?»

በትዳራቸው ሁሉ ጦና ስለ መኪና እሷን ጠይቋት አያውቅም። ጥያቄው እንደ ቀልድ ነበር የተጠየቀው፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም።

«እኔም የግራው መሰለኝ» አለችው፤ ጮክ ብላ፣ ግን ጮክ ማለቷ እንዳይታወቅባት እያሳለች።

«ውኃ አምጪ እንግዲህ።»

ይህ ከጥንት የሚሠራበት ዘዴ ነው። የደረቀ ላስቲክ ሲረጥብ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው ላይ ተራ በተራ ውኃ እያፈሰሱ መኪናዋን ያወዛውዟታል፤ ውኃ ሲነካው ዝም ያለው፣ ሲጮህ የነበረው እሱ ነው። ሰገነት በማንቆርቆሪያ አፈሰሰች። በመጀመሪያው መገጣጠሚያ ጩኸቱ አልቆመም፤ ራሷን ነቀነቀች። በሁለተኛውም አልቆመም፤ ነቀነቀች። ሦስተኛው የግራው ባሌስትራ የፊት ጫፍ ነው፤ ብሎኑ የሚያልፍበት፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ አለ። ውኃው ሲነካው መኪናዋ ዝም አለች። ሰገነት ራሷን መነቅነቅ ተወች።

«ጠፋ» አለ ጦና ፊቷን እያየ። «ሰማሁት።»

«አዎ» አለች ሰገነት። «እኔም ሰማሁት።»

ልትነግረው ይገባት የነበረው ያን ዕለት ነበር። ማታ ማታ ስታስበው ሁልጊዜ ወደዚያ ማንቆርቆሪያ ትመለሳለች። አትሰማም እኮ ልትለው ትችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ይባላል? ሰው ጆሮውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ጦና ያለዚያ ጆሮ ማን ነው? ሰኞ ደግሞ ጩማ ይመጣል።

ጦና መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ብሎኑን መትቶ አወጣው፣ የተሰነጠቀውን ላስቲክ በሳሙና ውኃ አጥቦ መለሰው። እጁ አሁንም የድሮው እጅ ነበር፤ አይጣደፍም፣ አይሳሳትም። ብሎኑን መጀመሪያ ልል አድርጎ አስገባና መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ አጠበቀው። ጎማዋ አየር ላይ እንዳለ ካጠበቁት ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል አላት። አዲስ ላስቲክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይህ ይበቃል አለ። «ግራሶ ብቻ እንዳይነካው» ብሎም ጨመረ፤ «ግራሶ ላስቲክ ይበላል።»

ሰኞ መኪናዋ ዝም ብላ ሄደች። ወልደሰንበት ጦናን ትከሻውን መታ አድርጎ «አላልኩም?» አለ። ጦና ያን ማታ እራቱን ሲበላ እያንጎራጎረ ነበር፤ ዜማው ትንሽ ወጣ ያለ ነበር፤ ሰገነት ግን አብራው አንጎራጎረች።

ሐሙስ ዕለት ደጃፍ ላይ ቆማ ስትጠብቀው መኪናዋ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ሲጢጥ። ጉድጓዷን ስትዘል፣ ሲጢጥ። ጦና መሪውን ይዞ ፈገግ ብሎላት ገባ። ወርዶ መኪናዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። «ጭጭ ብላለች፣ እንደ ርግብ» አለ።

በወላይታ የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ቅቤ ነው። የአራስ አናት ቅቤ ይቀባል፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ቅቤ ይቀባል፤ ከበሮው ቆዳው ሲደርቅ፣ ቀንበሩ የበሬ አንገት ሲበላ፣ መጫኛው ሲሰነጠቅ፣ ሁሉም ቅቤ ነው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ ቅቤ በእቁብ እያዋጡ ያጠራቅማሉ፤ መስከረም ላይ ጊፋታ ሲደርስ፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ እያንዳንዷ ማሰሮዋን ይዛ ትወጣለች። የሰገነት ማሰሮ ጓዳ ውስጥ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍና ተቀምጣለች።

እሑድ ጦና ለማለዳው ጸሎት ቀድሞ ሲወጣ ሰገነት «ራሴን ያመኛል» ብላ ቀረች። ከማሰሮዋ በእፍኟ ዘግና ከመኪናዋ ሥር ገባች። ውኃ ያፈሰሰችበትን ቦታ ታውቀዋለች። በጣቷ ጫፍ ቅቤውን ወደ ስንጥቁ ውስጥ አስገባችው፤ ለራስ ቅል እንደሚደረገው፣ ቀስ እያለች፣ እየደጋገመች። ግራሶ ያለውን አልረሳችም። ግራሶ ግን የማሽን ነው፣ ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ቅቤ የሰው ነው። ቅቤ የጎዳው ነገር አይታ አታውቅም።

ስትወጣ ብረቱ ላይ ቆማ አወዛወዘቻት። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጩኸቱ ሊመለስ ሲል፣ ሰገነትን ራሷን ያማታል።

አረጋሽ ሽታውን አልሳተችውም። «አንቺ» አለቻት አንድ ቀን በአጥሩ ላይ፣ «ከእሑድ በቀር ቅቤ አትሸቺም። ከጦና ተደብቀሽ ማንን ነው የምትቀቢው?»

«ራሴን ነው።»

«ራስሽንማ ባየሁት፤ ፀጉርሽ እንደ ጭድ ደርቋል። ተይ፣ ጊፋታ ሲደርስ ባዶ ማሰሮ ይዘሽ ብትመጪ እቁቡ ሁሉ ነው የሚስቅብሽ።»

ሰገነት ሳቀችላት። ማሰሮዋ ወደ ግማሽ ወርዳ ነበር።

ብርሃኔ የካቲት ውስጥ ሁምቦ ተመደበች። ዓርብ ማታ ወደ ሶዶ ትመጣለች፤ ሰኞ ማለዳ ጦና የወልደሰንበትን ጨው ወደ ቆላው ሲያወርድ አብራው ትሄዳለች። ሰገነት ቦታዋን መርጣላታለች፤ ከሹፌሩ ጎን፣ ከፊት። «ከጦና ጎን የተቀመጠ ሰው ምንም አይሆንም» ትላት ነበር። ይህን ስትል ግማሹን ታምነው ነበር።

የመጋቢት ሁለተኛ እሑድ፣ ሁለቱ ጎመን ሲቀነጥሱ፣ ብርሃኔ ዓይኗን ከመክተፊያው ሳታነሳ «ሚቼ» አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ጋሼ ጦናን ምን አስቀይሜው ነው?»

«ምን ሆነ?»

«መኪና ውስጥ ሳወራው አይመልስልኝም። ባለፈው ስለ ተማሪዎቼ አጫወትኩት። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብሎ መንገዱን ያያል።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰገነት ቢላዋውን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች። ከዚህ ልጅ የደበቀችው ነገር አልነበረም። ለእሷ ለብቻዋ ብትነግራት፣ ጆሮ ሁኚው ብትላት፣ ብርሃኔ እስከ ሞት ትደብቅለት ነበር። ነገር ግን ልጅቷ በአዘኔታ ስታየው፣ ጦና ደግሞ ያን አዘኔታ ፊቷ ላይ ሲያነብ ታያት። ፊት ማንበብ እንደሆነ ለምዷል።

«አልተቀየመሽም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሲነዳ እንዲህ ነው። ጆሮው መኪናዋ ላይ ነው። ስለዚህ አታስቸግሪው፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ብርሃኔ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሳቀች። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ» አለች።

በማግስቱ ማለዳ ሲወጡ መኪናዋ አልጮኸችም። ሰገነት በር ላይ ቆማ አዳመጠች። ብርሃኔ በመስኮት እጇን አወዛወዘች።

ወሬው ለምሳ ሳይደርስ መጣ።

መኪናዋ ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ መንገዱ ታጥፎ ታጥፎ ከሚወርድበት ቦታ፣ በግራ በኩል ከመንገዱ ወጥታ ገደሉ አፍ ላይ ካለው ግራር ጋር ተላትማለች። ጦና የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ከኋላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ተጫጭረው ተርፈዋል። ግራሩ የገባው በብርሃኔ በኩል ነው።

ቦዲቲ ተቀበረች። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ከኋላ ተሳፍሮ የነበረ ቦልቴ የሚባል የሁምቦ ገበሬ ራሱ ላይ ጨርቅ እንደጠመጠመ ሊያጽናና መጣ። ሰገነት አጠገብ ተቀመጠና፣ የሚናገረው ነገር ምን እንደሚያደርጋት ሳያውቅ፣ የመጨረሻዋን ሰዓት ነገራት። እህት የእህቷን መጨረሻ መስማት ትፈልጋለች ብሎ ነው።

«ቁልቁለቱን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ኳ ኳ ማለት ጀመረ» አለ። «ከሥር፣ በግራ። በጣም ነበር የሚለው። እኛ ከኋላ ተያየን። ግን የሚነዳው ጦና ነው፤ እኛ የሰማነውን ጦና ሳይሰማ ይቀራል? ምንም ባይሆን ነው እንጂ ይቆም ነበር አልን። እየባሰ ሲሄድ እኔ ልጅቷን ትከሻዋን ነካ አድርጌ ‹ንገሪው እስቲ› አልኳት። ዘወር ብላ በቀስታ ‹ሰምቷል፤ ጆሮው መኪናዋ ላይ ነው፣ አናስቸግረው› አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችኝ። በጣም ትሑት ልጅ ነበረች።»

ሰገነት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሴቶቹ ውኃ አመጡላት።

ጦና ለጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። «ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። የኔ እጅ ነው።» ሰዎች፣ ሰምቶ ችላ ብሎ ነው አሉ። ጆሮውን ተማምኖ ነው አሉ። አልሰማሁም አላለም፤ ችላ አለ መባልን መረጠ፣ ወይም ሁለቱ አንድ ሆነውበታል። ወልደሰንበት ለቅሶው ላይ እንደ ሴት አለቀሰ፤ ጩማን አላስመጣም። የተጨፈለቀችውን መኪና በበሬ አስጎትቶ ከእንሰቱ ሥር አስመለሳትና፣ ብረቷን የሚፈልግ ሰው እስኪገኝ እዚያው ትቀመጥ አለ። ዶሮዎቹ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ክረምቱ ገባ። ጦና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። በቀኝ እጁ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዟል፤ ከመኪናዋ ያወጣውን ላስቲክ። አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ጥሬ ጉበት ይሰረጉዳል። የያዘውን ብሎን ለቆት፣ ብረት ብረትን እየበላ ኖሮ ኖሮ ብሎኑ መጨረሻ ላይ የተቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰገነት ብዙ ጊዜ ነግራዋለች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ፣ ከኋላው ቆማ፣ ለጀርባው ነግራዋለች። «እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ጦና። ብርሃኔን ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።» በቀስታ፣ ጥርት አድርጋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ከዚያ ጦና ዘወር ሲል «እራት ደርሷል» ትለዋለች።

የጊፋታ ዋዜማ ሰዉ ሁሉ በየቤቱ ሽር ጉድ ሲል አረጋሽ በአጥሩ በኩል ገባች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ነበር።

«ማሰሮሽ ባዶ መሆኗን አውቃለሁ» አለች፤ ያን ጊዜ አልቀለደችም። «የት እንደገባ አልጠይቅሽም። ሐዘንተኛ ነሽ፣ አትደግሺም። ግን ጊፋታ ቅቤ የሌለበት ቤት አግኝቶ አይለፍ። ያዥ።»

ሰገነት ተቀበለቻት። ቅቤው በቅጠሉ ውስጥ እጇ ላይ ለሰለሰ። አረጋሽ ከሄደች በኋላም እዚያው ግቢው መካከል ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ በረንዳው ሄዳ ጦና ፊት ለፊት ቆመች፤ ጀርባው አልነበረም፣ ፊቱ ነበር።

«ጦና፣ የምነግርህ አለ።»

«ምን?»

«መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁሽም» አላት። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም ነበር። «ድገሚልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። የሕይወቷን ምሥጢር በሹክሹክታ ልትነግረው አትችልም። ወይ አትነግረውም፣ ወይ ትጮኸዋለች።

ጮኸች። «ላስቲኩን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ። እንዳይጮህ ነው። አንተ አትሰማም ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። ጩማ እንዳይመጣ ብዬ ነው። ብርሃኔን አታናግሪው፣ አታስቸግሪው ያልኳት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ንገሪው ብለዋት ነበር። እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት።»

ከአጥሩ ወዲያ የአረጋሽ ቢላዋ ቆመ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዘወር አሉና፣ እንዳልሰሙ ሆነው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

 ጦና መዳፉን ከፈተ። ላስቲኩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተውና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«መኪናዋን ሲያወጧት ሸትቶኝ ነበር» አለ፤ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው፣ ድምፁን ሳይመጥን። «ጆሮዬ ነው እንጂ አፍንጫዬ ደህና ነው።»

«አውቀህ ዝም አልከኝ?»

ከንፈሯን አነበበ። «አንቺም አውቀሽ ዝም ብለሽልኝ ነበር።»

ሰገነት ቅቤውን በረንዳው ላይ አስቀምጣ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። እሱ ደህናውን እጁን አናቷ ላይ አሳረፈ፤ ባሌስትራው ላይ እንደሚያሳርፈው ነበር፣ ቀለል አድርጎ። ስታለቅስ በመዳፉ ይሰማው እንደሆነ አታውቅም።

ቆይቶ «ለእናትሽ ንገሪያት» አለ። «እኔም የኔን እነግራታለሁ።»

«ትረግመናለች።»

«ልጇ ናት። የፈለገችውን ትበል።»

በማግስቱ፣ ሰዉ በአዲስ ልብስ ወደየዘመዱ ሲወጣ፣ ሁለቱ በሐዘን ልብሳቸው ወደ ቦዲቲ በእግር ተነሱ። ጦና መኪና መሳፈር አልፈለገም። መንገዱ በበዓል ምክንያት መኪና በዝቶበት ነበር። ጦና በመንገዱ መካከል፣ ዓይኑን ከፊቱ ላይ ተክሎ ይራመዳል። ከኋላ መኪና በመጣ ቁጥር ሰገነት በእጅጌው ይዛ ወደ ዳር ትስበዋለች። አንዱ ካለፈ በኋላ ቆም ብሎ አያት።

«ምን ነበር የሚጮኸው?» አላት።

ሰገነት አሰበች። «የቀኝ የኋላ እግሯ» አለችው፤ በደንብ እንዲያይ አፏን ከፍታ። «ብሎኑ ሳይላላ አልቀረም።»

ጦና ራሱን ነቀነቀ። እጅጌውን አልለቀቀችውም። የእናቷ ቤት ገና ሩቅ ነበር።